የእትዬ አንጓች ወንፈል

እትዬ አንጓች አረፉ የሚለው ወሬ መተማ ዮሐንስ የደረሰ ቀን፣ ሰፈራችን ከማልቀሱ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ "ለልቅሶው ማን ሊያበስል ነው?" ቀልድ አይደለም። በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ድንኳኑ ሳይተከል ጉልቻ የሚያስቀምጡ፣ "አንች ውሃ፣ አንች እንጨት፣ አንች ሽንኩርት" እያሉ ሴቱን የሚያሰማሩ እሳቸው ነበሩ። ያረፉት ዘመድ ሊጠይቁ ወደ ደጋ፣ ወደ ተወለዱበት አገር ወጥተው ሳለ ነው፤ የተቀበሩትም እዚያው ነው። እኛ እዚህ በሌሉበት ድንኳን ተክለን ተቀመጥን። ወጡ ጨው በዛበት። አንዷ ጎረቤታችን ቀምሳ "እትዬ ቢኖሩ ይሄን አፈር ላይ ይደፉት ነበር" ስትል፣ ያን ጊዜ ነው የሁላችንም እንባ የመጣው።

ከእሳቸው ጋር በአጥር እንዋሰን ነበር። እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው፤ ስለዚህ በቤቴ ውስጥ ከባለቤቴ ድምፅ ይልቅ የእትዬ አንጓች ድምፅ ይሰማ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ረጅም፣ አጥንታቸው የጎላ፣ ሲራመዱ ክንዳቸውን የሚያወናጭፉ ሴት ነበሩ። በወጣትነታቸው፣ ሰሊጥ ሊያጭዱ ከደጋ ለሚወርዱት የቀን ሠራተኞች በእርሻ ካምፕ ወጥ ሠርተዋል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሰውን የሚያውቁት በሆዱ ነው። ስሙ ሲጠፋባቸው "ያ እንኳ፣ ወጥ የሚያስጨምረው" ይላሉ፤ እኛም ማን እንደሆነ እናውቃለን። አንድ ነገር ከወሰኑ ከሱዳን ድንበር ማዶ በለመዷት ቃል "ኸላስ" ይላሉ። አለቀ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ይግባኝ የለም። ግማሽ ነገር የሚባል አያውቁም ነበር። ሲወዱም ሙሉ፣ ሲቆጡም ሙሉ፣ ሲሳሳቱም ሙሉ።

እኔ እስክሞት የማልረሳቸው ግን በልጄ በፍቅርተ ምክንያት ነው።

ፍቅርተ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ታመመች። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣች። ቀጥሎ ብቻዋን ታወራ ጀመር፤ የሌለ ሰው እየጠራኝ ነው ትላለች። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ባዶ እግሯን ወደ ድንበሩ ድልድይ ስትገሰግስ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ አይቶ ባይመልስልኝ ኖሮ ዛሬ ምን እንደማወራ አላውቅም። ጠበልም ወሰድናት፣ ሆስፒታልም ወሰድናት። ጎንደር ልከውን ሐኪም አያት፤ በየማታው የሚዋጥ ክኒን ታዘዘላት። ክትትሉን ደግሞ እዚሁ ከተማችን የሚሠራ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ያዘው። ይመር ይባላል፤ የወሎ ልጅ ነው። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ክኒኑ ሠራ። ከሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ "እማዬ፣ ፀጉሬን ሥሪልኝ" አለችኝ። ያቺን ቃል ሰምቼ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

የሰፈራችን ስሕተት የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። በእኛ አገር ብርቱ መድኃኒት ባዶ ሆድ ካገኘ አንጀት ይቆርጣል ይባላል። የአእምሮ መድኃኒት ደግሞ የብርቱዎች ብርቱ ነው ተባለ። እትዬ አንጓች የሰፈሩን ሴቶች ጠርተው የጥየቃ ተራ አወጡ። አንዷ የማሽላ ገንፎ በሰሊጥ ዘይት አጥለቅልቃ ትመጣለች። ሌላዋ ከማዶ የሚገባውን የሰሊጥ ጣፋጭ፣ ሐላዋውን፣ ከነዳቦው ታመጣለች። ባዶ እጇን መምጣት ያፈረች ለስላሳ መጠጥ በፌስታል አንጠልጥላ ትገባለች። ሻዩማ ስኳሩ ማንኪያ ያቆማል። እትዬ አንጓች ራሳቸው ከሁሉ በላይ ናቸው፤ አጠገቧ ቁጭ ብለው እያጎረሱ "ብይ እንጂ ልጄ፤ መድኃኒቱ አንችን እንዳይበላሽ አንች ቀድመሽ ብይ" ይሏታል።

ፍቅርተም ትበላለች፤ ይርባታላ። በልታ እጇን ሳታደርቅ እንደገና ይርባታል። እኔ ደግሞ ደስ ይለኛል። ከሞት አፍ የተመለሰች ልጅ ስትበላ የማይደሰት እናት ካለ ይምጣና ይውቀሰኝ።

ፋሲካ ሲደርስ ዩኒፎርሟ አልቆለፍ አለ። እዚህ ቆላ ውስጥ ውፍረት ምስጋና ነው፤ ያገኛት ሁሉ "አማረብሽ፣ መድኃኒቱ ተስማማሽ" ይላታል። ከኋላዋ ደግሞ "የልጅቱ ሆድ ገፍቷል፤ ምን ይታወቃል" የሚል ሹክሹክታ ነበር። ፍቅርተ ሁለቱንም ትሰማለች። የትኛው የበለጠ እንዳማት ጠይቄያት አላውቅም። ትምህርት ቤት አልሄድም አለች፤ መስታወቱንም ከግድግዳ አውርዳ አልጋ ሥር ከተተችው።

አንድ ምሽት የእትዬ አንጓች ተራ ሆኖ ቅንጬ ይዘው በጓሮ በኩል ሲገቡ፣ ፍቅርተ ክኒኑን ከአፏ አውጥታ በእግሯ አፈር ስትመልስበት ደረሱ።

"ምንድር ነው እሱ?"

"ክኒኑ ነው።"

"ዛዲያ ስለምን ትቀብሪዋለሽ?"

"አልውጠውም፣ እትዬ። እንዲህ ተነፍቼ ጤነኛ ከምሆን ቀጭን እብድ ብሆን ይሻለኛል።"

እትዬ አንጓች ቅንጬውን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ እጇን ይዘው ወደ እኔ አመጧት። "ለእናትሽ ንገሪያት። እኔ አልሸሽግልሽም፤ አላሳጣሽምም" አሏት። ነገረችኝ። ክኒኑን ካቋረጠች በሽታው እንደሚመለስ ይመር ደጋግሞ አስጠንቅቆናል። ድልድዩ ነው የታየኝ፤ በዚያ ፀሐይ ባዶ እግሯን ስትሄድ። ሁለተኛ ማን ይመልስልኛል?

በነጋታው ሦስታችን ሆስፒታል ሄድን። እትዬ አንጓች የሄዱት ምክር ሊሰሙ አልነበረም፤ ሊከሱ ነው። ወንበር ሳይዙ "አንተ ልጅ፣ የሰጠሃት መድኃኒት ልጅቱን ነፋብን። በል ቀይርላት" አሉት።

ይመር ዝግ ያለ ሰው ነው፤ አይደናገጥም። ፍቅርተን ሚዛን ላይ አቆማት፣ ለምርመራ ደም አስወሰደላት፣ ከዚያ "እስኪ ምን ምን ትበያለሽ?" ብሎ ጠየቃት። ፍቅርተ አንገቷን ደፋች። እትዬ አንጓች መለሱላት፤ ያውም በኩራት። ገንፎውን፣ ቅንጬውን፣ ሐላዋውን፣ ለስላሳውን፣ ማታ ክኒኑን ማስዋጫ የሚሉትን የማር ውሃ ጠሩ። እየጠሩ ሲሄዱ ድምፃቸው እየሳሳ መጣ። ማንም ምንም ሳይላቸው መሃል ላይ አቆሙ።

"ይሄ ሁሉ እኛ ነን?" አሉ።

"እናንተ ብቻ አይደላችሁም፣ እናቴ" አለ ይመር። "መድኃኒቱም ድርሻ አለው። ረሃብ ይከፍታል፤ ጠግባም መጥገቧን እንዳታውቀው ያደርጋታል።" ከዚያ ወንበሩን ወደ ፍቅርተ አዞረ። "ሆዳም ሆነሽ አይደለም። ሰማሽኝ? ጥፋቱ ያንች አይደለም።"

ልጄ በስንት ጊዜዋ ቀና ብላ የሰው ዓይን አየች።

ይመር ያለን ሁሉ ከባድ አልነበረም። ክኒኑን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ እኔ ከጎንደሩ ሐኪም ጋር እነጋገራለሁ፣ ካስፈለገም በሌላ ይቀየራል። ጣፋጭ መጠጡን ተዉት፣ ውሃ ትጠጣ። ምግቧን በሰዓቱ ትብላ፣ ጎመንና ባሚያው ይብዛ፣ ሳህኑ አንድ ጊዜ ይቅረብ። በየቀኑ ሰውነቷን ታንቀሳቅስ። "ግን አደራ፣ አታስርቧት፤ ገና የምታድግ ልጅ ናት" ብሎ ጨረሰ። በባጃጅ ተመለስን። ሰፈር ስንደርስ እትዬ አንጓች "አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። እኔ መድኃኒቱን ስረግም፣ ለካ ሳህኑ የኔ ኖሯል" አሉ።

ግማሽ ነገር አያውቁም ብያለሁ። "አታስርቧት" የምትለዋን ቃል ጆሯቸው አልያዛትም ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ቤቴ ገብተው ስኳሩን፣ ሐላዋውን፣ ዘይቱን ከጓዳዬ ጠርገው አወጡ። የእንጀራ ሌማቴን ሳይቀር ተሸክመው ሄዱ። "ተነገ ጀምሮ በቀን አንድ ጊዜ ትበላለች። ኸላስ።" ብዙም ሳይቆይ ፍቅርተን ራሷን አዞራት። ይዘናት ስንሄድ ይመር ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣ።

"እናቴ፣ እርስዎ ከጎርፍና ከድርቅ ሌላ አያውቁም እንዴ?"

ሌላ ሴት ብትሆን ትቀየማለች። እሳቸው ግን እስኪያስላቸው ሳቁ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አሉና ሌማቴን በራሳቸው ላይ ተሸክመው መለሱልኝ። በሰው ስሕተት የሚስቅ ብዙ አውቃለሁ፤ ራሱ ሲሳሳት እንዲህ የሚስቅ ግን እሳቸውን ብቻ ነው ያየሁት።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን በልኩ የያዙት። ማታ ማታ ክኒኑ ከተዋጠ በኋላ ረሃቡ ይመጣል። በዚያ ሰዓት እትዬ አንጓች መጥተው አጠገቧ ይቀመጣሉ። እራቷን እንደሚገባ በልታለች።

"መጣ?" ይሏታል።

"መጣ፣ እትዬ።"

"ይምጣ። የመድኃኒቱ እንግዳ ነው። እንግዳን ውሃ ሰጥተሽ ታስቀምጭዋለሽ እንጂ ቤትሽን አታስረክቢውም።"

ፍቅርተ ትስቅና ውሃዋን ትጠጣለች። ቁጭ ብለው ያወራሉ፤ ስለ እርሻ ካምፑ፣ ስለ ጅብ፣ ጥርሴን አመመኝ እያለ ከሰሊጥ አጨዳ ይቀር ስለነበረ ሰነፍ ሠራተኛ። ወሬው ሲያልቅ እንግዳው አብዛኛውን ጊዜ ሄዷል። ያልሄደ ቀን ትንሽ ጎመን በእንጀራ ትበላለች፤ እሱም አያስቆጣም። ክኒኑ ግን አፈር ውስጥ መግባቱ ቀረ።

የቀረው ሰፈሩ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እትዬ አንጓች ሴቶቹን በሙሉ ደጃቸው ላይ ሰበሰቡ። ከመናገራቸው በፊት ፍቅርተን "ልናገር?" ብለው ጠየቋት፤ አዎ አለቻቸው።

"ስሙኝ። ልጅቱ ያበጠችው በመድኃኒቱ ብቻ አይደለም፤ በኛም ነው። ፊታውራሪዋ ደግሞ እኔ ነኝ። ሌላ ነገር የምታወሩም አላችሁ፤ እሱን ዋጥ አድርጉት። ተዛሬ ጀምሮ ሳህን ይዛ እዚህ ቤት እምትገባ ሴት ጠቧ ተኔ ጋር ነው። ጥየቃው ግን አይቀርም።"

አንዷ ተነሣች። በልቧ የያዘችውን ተናገረች፤ ሁላችንም በልባችን የያዝነውን ነበር። "እንዴ እትዬ፣ ባዶ እጄን እንዴት ብዬ በሽተኛ እጠይቃለሁ? ነውር አይደለም ወይ?"

"ባዶ ማን አለሽ? መኮትኮቻ ያዥበት" አሏት።

ክረምቱ ገብቶ የአረም ጊዜ ነበር። የሰፈራችን ሴቶች ከከተማው ወጣ ብሎ ትንንሽ መሬት አላቸው፤ ሰሊጥ ይዘሩበታል፤ በወንፈል፣ በተራ እየተጋገዙ፣ ያርሙታል። ዛሬ ያንች፣ ነገ የኔ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ። እትዬ አንጓች ፍቅርተን ወንፈሉ ውስጥ አስገቧት፤ እንደ በሽተኛ ሳይሆን እንደ ማንኛዋም ሴት፣ ድርሻዋን ሰጥተው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር እኔም አብሬ ወረድኩ። ጧት ሙቀቱ ሳይበረታ እንሄዳለን፤ እሷን ለመጥራት በየቀኑ ሌላ ሴት ትመጣለች። ጥየቃው ይኸው ሆነ።

የመጀመሪያው ቀን አስቀያሚ ነበር። ጥቁሩ አፈር ዝናብ ጠጥቶ እግር ላይ ይጣበቃል፤ መድኃኒቱም ሰውነቷን ያከብድባታል። ልጄ ከረድፏ ጥቂት እንዳረመች ላብ በላብ ሆና ተቀመጠች። ሴቶቹ አዝነው የእሷን ሊጨርሱላት ሮጡ።

"ማንም እንዳይነካው" አሉ እትዬ አንጓች። "የሷ ነው።"

ሁሉም ረድፍ ጸድቶ የልጄ ብቻ አረም እንደለበሰ ቀረ። ከሩቅ ይታያል። ንዴቴን መያዝ አቃተኝና "እትዬ፣ ያሳፍራታል እኮ" አልኳቸው።

"አረሙ ያለቀላት ልጅ ነገ ምን ልታደርግ ትመጣለች?"

በማግሥቱ ፍቅርተ የዕለቱ ተረኛ ሴት ሳትጠራት ተነሥታ በር ላይ ቆማ አገኘናት። ወደ ረድፏ ሄደች፤ ካቆመችበት ጀመረች። ቀናት ፈጀባት እንጂ ጨረሰችው። ሌላ ረድፍ ተሰጣት። ሲደክማት ታርፋለች፣ ማንም አይቸኩልባትም፣ ማንም አያጨበጭብላትም። እትዬ አንጓች ምስጋናን እንደ ስኳር ነበር የሚቆጥቡት። ነሐሴ ሲጋመስ ግን አንድ ቀን ቀና ስል፣ ያቺ "ሆዷ ገፍቷል" ብላ ስታወራ የከረመችው ሴት ከፍቅርተ ኋላ ቀርታ ወገቧን ይዛ ቆማለች። ፍቅርተ የራሷን ጨርሳ ተመለሰችና የሴትዮዋን ረድፍ ከወዲያ ጫፍ ያዘችላት። መሃል ላይ ተገናኙ። ሴትዮዋ ዓይኗን የምታሳርፍበት አጣች። እትዬ አንጓች ከሩቅ ሆነው "ምነው እህቴ፣ ደከመሽ? ገንፎ እናምጣልሽ?" አሏት። ማሳው በሙሉ ሳቀ፤ ሴትዮዋም ራሷ ሳቀች። ልጄ ስትስቅ አየሁ፤ አፏን በእጇ ሳትሸፍን።

ፍቅርተ ዛሬ ጎንደር ኮሌጅ ትማራለች። ክኒኗን በየማታው ትውጣለች። ሐኪሙ በኋላ ረሃቡ በሚቀንስ ሌላ መድኃኒት ቀየረላት። ክብደቷ አንዳንዴ ከፍ፣ አንዳንዴ ዝቅ ይላል፤ እንደ ድሮዋ ሸንበቆ አልሆነችም፤ ልሁንም አትልም። ይህን የምናገረው ተአምር ሆነ እንዳይባል ነው። እኔ ድል የምለው በዚያው ዓመት መስከረም የሆነውን ነው።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ለክትትል ሦስታችን ሆስፒታል ሄድን። የአእምሮ ሕክምናው ክፍል ያለበት ኮሪደር የራሱ ወግ አለው። ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ፊቱን ይሸፍናል። ሴቱ በሻሽ፣ ወንዱ በኮፍያ፤ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ፍቅርተም እንደ ልማዷ ሻሿን እስከ ዓይኗ ሥር አውርዳ ተቀመጠች። ተራችን ደርሶ ገባን። ይመር ሚዛን ላይ አቆማት፤ አየ፤ አጎንብሶ ደግሞ አየ።

"አልጨመረም" አለ። "እንዲያውም ትንሽ ቀንሷል። የደሟም ስኳር ደህና ነው።"

እኔ ፈራሁ። ግማሽ ነገር ለማያውቁት ሴት ይህ ሁሉ ክረምት፣ ይህ ሁሉ ጭቃ፣ ለ"ትንሽ" ነው? እትዬ አንጓች ግን ወደ ይመር ጠጋ አሉ።

"ቆመ ማለት ነው?"

"ቆመ፣ እናቴ።"

"ክኒኑን እየዋጠች?"

"አንድም ሳታስታጉል እየዋጠች።"

"ትምህርቷንም ትጀምራለች?"

"ምን ይከለክላታል?"

ሌላ አልጠየቁም። በሩን ከፍተው ወደ ኮሪደሩ ወጡና እልልታቸውን አቀለጡት። በዚያ ሰው በሹክሹክታ በሚያወራበት፣ ሁሉም በተሸፋፈነበት ኮሪደር። ግድግዳ ያይ የነበረው ሁሉ ዞረ። ከማዋለጃው ክፍል በኩል አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ብቅ አሉ፤ ልጃቸው ምጥ ላይ ነበረች መሰለኝ፣ ደስታ ተርበው ነበር።

"እሰይ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት" አሉ። "ወንድ ነው ሴት?"

እትዬ አንጓች መልስ ሲያጡ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ፍቅርተ ከኋላችን መጣች። ሻሿን ከፊቷ አውርዳ ትከሻዋ ላይ ጣለችው።

"ሴት ናት፣ እናቴ" አለቻቸው። "እኔ ነኝ።"

አሮጊቷ ነገሩ እንዴት እንደሆነ አልጠየቁም። ቀና ብለው አዩዋትና እልል አሉ። እትዬ አንጓች ተከተሉ። ቀጥሎ ከአግዳሚው ወንበር ላይ አንዲት ፊቷን የሸፈነች ሴት፣ ሻሿን ዝቅ አድርጋ፣ እልል አለች።